ጆሮና መለኪያ

የሰው ልጅ በቤቱ ተቀምጦ በመሣሪያ አማካይነት ሙዚቃ መስማት ከጀመረ ወዲህ አብሮት የሚኖር አንድ ክርክር አለ። ይኸውም አንድ የድምፅ መሣሪያ መልካም ወይም መጥፎ መሆኑን የሚፈርደው ማን ነው? የሚል ነው። አንደኛው ወገን «ዳኛው ጆሮዬ ነው፤ ሰምቼ ደስ ካለኝ ሌላ ምስክር አያሻኝም» ሲል፣ ሁለተኛው ወገን «ጆሮ ይታለላል፤ ዳኛው በመለኪያ የተገኘው ቍጥር ነው» ይላል።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የባለጸጎች ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ከወር ደመወዙ ቈጥቦ ራዲዮ ወይም ቴፕ የሚገዛ የመንግሥት ሠራተኛ ገንዘቡን የሚያወጣው በዚሁ ክርክር ላይ ነው። ከዚህም የሚበልጥ ጉዳይ አለ። የአባቶቻችን ድምፅ የተቀረጸበት ሸክላና ቴፕ ለልጅ ልጅ በምን መልክ እንደሚተላለፍ የሚወሰነው በዚሁ ዳኝነት ነው። ስለዚህ የክርክሩን ታሪክ ከሥሩ አንሥተን እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ድምፅን ቀርጾ መልሶ የሚያሰማ መሣሪያ በ1877 በአሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን ተሠራ። ከዚያ ሃያ አንድ ዓመት ብቻ ቈይቶ ይኸው ጥበብ ወደ አገራችን ቤተ መንግሥት ገባ። በኦገስት 1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ ቃላቸውን በፎኖግራፍ አስቀርጸው ላኩ። ንጉሠ ነገሥቱም መልእክቱን በክብር ቆመው አዳመጡ፤ መድፍም አስተኰሱ። በ1899 ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ የመልስ ቃላቸውን በአማርኛ በዚያው ዓይነት መሣሪያ አስቀርጸው ላኩ። የንግሥቲቱ ቅጂ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ታዝዞ ስለ ነበር ዛሬ የለም፤ የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ ግን እስከ ዘመናችን ደርሶ ይሰማል።

እንግዲህ ያን ቅጂ በዛሬ መለኪያ ብንመዝነው ምን እናገኛለን? ጤናማ የወጣት ጆሮ በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 የሚደርስ ንዝረት ይሰማል። የዚያ ዘመን የመቅረጫ ጥሩንባ ግን ከ250 እስከ 2,500 ገደማ ካለው ንዝረት የዘለለ አይዝም ነበር። የቀረው ጭረትና ሹክሹክታ ነው። በቍጥር ሲታይ ከዛሬው የስልክ ድምፅ እንኳ ያነሰ ነው። ነገር ግን ያን ድምፅ ሰምቶ «መለኪያው ዝቅተኛ ነውና አልሰማውም» የሚል ኢትዮጵያዊ የሚኖር አይመስለንም። እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ትምህርት እናገኛለን፤ የመሣሪያው ብቃትና የሰሚው ደስታ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

መሣሪያ ሻጮችም ይህን ቀደም ብለው ዐወቁት። የኤዲሰን ኩባንያ ከ1915 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል በአሜሪካ ከተሞች ለሕዝብ ትርኢት ያሳይ ነበር። ዘፋኟ ከመሣሪያው አጠገብ ቆማ ትዘፍናለች፤ መብራቱ ይጠፋል፤ ሲበራ ግን ዘፋኟ ሄዳ መሣሪያው ብቻውን ሲዘፍን ይገኛል። ሕዝቡም «ልዩነቱን አላወቅንም» እያለ ይደነቅ ነበር። ከዘፋኞቹም አንዷ ድምፅዋን ከመሣሪያው ጋር ለማመሳሰል ገትታ ትዘፍን እንደ ነበር ኋላ ገልጣለች። የሚያስገርመው ግን እርሱ አይደለም። በ1925 የኤሌክትሪክ ቀረጻ ሲመጣ፣ «ልዩነት የለውም» ሲባል የነበረው የጥሩንባ ቀረጻ ከአዲሱ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል የጐደለ እንደ ነበር ማንም ሰው አወቀ። ጆሮ ከዚህ በፊት ያልሰማውን ነገር ሊናፍቅ አይችልምና።

በአገራችንም ታሪክ ሁኔታው ይኸው ነበር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ስለ አውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ ጀርመን ተልከው ሳሉ፣ ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ በበርሊን ዜማቸውን በሸክላ አስቀረጹ። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ የሙዚቃ ሸክላዎች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በ1935 የአቃቂው ራዲዮ ጣቢያ ሥራውን ጀመረ። ከቄራ ወደ ደቡብ ሲወርዱ የሚገኘው ነፋስ ስልክ የተባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው፣ ያለ ሽቦ በነፋስ ላይ ከሚሄደው መልእክት ነው። ከነጻነት በኋላ ራዲዮ በየቤቱ ከመግባቱ በፊት የከተማው ሕዝብ በአደባባይ ከተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎች ሥር ቆሞ ወሬና ዜማ ያዳምጥ ነበር። የአጭር ሞገድ ራዲዮ በሴኮንድ ከ5,000 ገደማ በላይ ያለውን ንዝረት አያሳልፍም፤ ድምፁም እየራቀና እየቀረበ ይመጣል። ሆኖም ያ ትውልድ ሙዚቃን የወደደው በዚሁ ጠባብ በር በገባለት ድምፅ ነው።

ታዲያ «ሕዝቡ በጠባቡ ድምፅ ከረካ ሰፊው ምን ያደርግለታል?» ብለው የጠየቁ ሊቃውንት ነበሩ። በ1945 ሃዋርድ ቺንና ፊሊፕ አይዘንበርግ የተባሉ የአሜሪካው ሲ.ቢ.ኤስ. ራዲዮ ሰዎች፣ አድማጮችን ሰብስበው አንዱን ሙዚቃ በጠባብም በሰፊም የድምፅ ስፋት አሰሟቸው። አብዛኛው አድማጭ ሰፊውን ትቶ ጠባቡን መረጠ። በመለኪያ የሚያምኑት መሐንዲሶች አፈሩ፤ በጆሮ የሚያምኑት ደግሞ «ብለናችሁ አልነበረምን?» አሉ።

በ1947 ግን ሃሪ ኦልሰን የተባለ የአር.ሲ.ኤ. ኩባንያ መሐንዲስ ጥያቄውን በሌላ መንገድ አቀረበው። ድምፅ ማጉያና ሽቦ ሁሉ እንዲቀር አደረገ። ሕያው የሙዚቃ ጓድ በመጋረጃ ጀርባ አስቀምጦ፣ በጓዱና በአድማጮቹ መካከል የሚከፈትና የሚዘጋ የድምፅ ማጣሪያ አቆመ። ማጣሪያው ሲዘጋ ከ5,000 ንዝረት በላይ ያለው ይቀራል፤ ሲከፈት ሁሉም ያልፋል። በዚህ ጊዜ ከሦስት አድማጮች ሁለቱ ያህል ሙሉውን ድምፅ መረጡ።

ታዲያ በሁለቱ ዓመታት መካከል የሰው ጆሮ ተለወጠን? አልተለወጠም። የተገኘው ማብራሪያ የሚከተለው ነው። በፊተኛው ምርመራ መሣሪያው ከፍተኛውን ድምፅ ያሳልፍ ነበር፤ ዳሩ ግን አዛብቶ ያሳልፍ ነበር። ሰፊው በር ሲከፈት ሙዚቃው ብቻ ሳይሆን መዛባቱም አብሮ ገባ። አድማጩ የጠላው መዛባቱን ነው። ስለዚህ ጆሮ በሁለቱም ጊዜ እውነቱን ተናገረ ማለት ነው፤ የተሳሳተው ስፋትን ብቻ ለክቶ መዛባትን ሳይለካ የቀረው ሰው ነበር። አንባቢ ሆይ፤ ቍጥርና ጆሮ ሲጣሉ ብታገኝ፣ ከሁለቱ አንዱን ሐሰተኛ ከማድረግህ በፊት «ያልተለካ ምን ቀርቷል?» ብለህ ጠይቅ።

እንዲህም ሲባል መለኪያ የማይረታበት ጊዜ የለም ማለት አይደለም። ለዚህ በቤታችን የታየ አንድ ምሳሌ እንስጥ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሆኖ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የአሜሪካው 60 ጊዜ ነው። ከዚያ የመጣ የሸክላ ማጫወቻ ብዙ ጊዜ ሞተሩ የሚዞረው በዚህ ምልልስ ልክ ነው። ባለቤቱ ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ገዝቶ «ተስማማልኝ» ይላል። ነገር ግን ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ምልልሱን አይለውጥም። በደቂቃ 33 ከሢሶ ጊዜ መዞር የሚገባው ሸክላ 28 ጊዜ ያህል ብቻ ይዞራል፤ የሦስት ደቂቃው ዘፈን ሦስት ደቂቃ ከ36 ሴኮንድ ይፈጃል፤ የዘፋኙም ድምፅ ከሦስት ግማሽ ድምፅ በላይ ይወርዳል። ይህን ያህል ስሕተት ጆሮ እንዴት ያልፈዋል ቢባል፣ ሁሉም ድምፅ በእኩል ስለሚወርድ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይለወጥም። ትዝታው ትዝታ፣ ባቲውም ባቲ ሆኖ ይቀራል። ሰሚው ጥቂት ሰንብቶ ይለምደዋል፤ እንዲያውም «ድምፁ እንዴት ወፍራም ነው!» ብሎ ይደሰታል። 180 ጥቁር መስመሮች የታተሙበት ክብ ወረቀት በሸክላው ላይ አኑሮ በኤሌክትሪክ መብራት ሥር ቢያየው ግን፣ ፍጥነቱ ትክክል ሲሆን መስመሮቹ የቆሙ ይመስላሉ፤ ትክክል ካልሆነ ይንሸራተታሉ። ዋጋው ከሳንቲም የማይበልጥ ወረቀት ክርክሩን በአንድ አፍታ ይዘጋዋል።

ቍጥር ሁሉ ግን መለኪያ አይደለም፤ ቍጥር መስሎ የሚሸጥ ማታለያም አለ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በገበያ ላይ በበዙት ብዙ የቤት ቴፖች ፊት ላይ «1,000 ዋት ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» የሚል የሚያብረቀርቅ ወረቀት ይለጠፍ ነበር። ያንኑ ቴፕ አዙረው የጀርባውን ጽሑፍ ቢያነቡት ከኤሌክትሪክ የሚወስደው 60 ዋት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከቋት የገባው አንድ ቁና እህል ዐሥር ቁና ዱቄት ሆኖ እንደማይወጣ ሁሉ፣ መሣሪያም ከወሰደው ኃይል በላይ ዘወትር ሊሰጥ አይችልም። ደግሞም ዋቱ እጥፍ ቢሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ግን ኃይሉ ዐሥር እጥፍ ያህል መሆን ይገባዋል። ስለዚህ ገዢ የሆነ ሁሉ ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን ያንብብ።

አሁን ደግሞ መለኪያን ወደሚፈትን ወደ ሌላ ጉዳይ እንለፍ፤ እርሱም በገና ነው። በገና ዐሥር አውታር ያለው ሲሆን፣ በእያንዳንዱ አውታርና በመደገፊያው መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ያ ቆዳ አውታሩን በስሱ እየነካ የሚታወቀውን የበገናን ግርምታ፣ ያንን ነዛሪ ድምፅ ያወጣል። ደርዳሪው እንዚራውን ገፋና ሳብ እያደረገ ነዛሪነቱ ልክ እስኪገባ ይደክማል። የመዛባት መለኪያ ደግሞ የሚሠራው አንድ ጥሩ ድምፅ አስገብቶ፣ ከዚያ ድምፅ በላይ የተጨመረውን ሁሉ እንደ ጥፋት በመቍጠር ነው። እንግዲህ በገናን እንደ ማጉያ ቈጥረን በዚህ መለኪያ ብንመዝነው፣ ከዓለም ሁሉ የከፋ የተዛባ መሣሪያ ይባል ነበር! ነገር ግን በጾም ወራት የሰውን ልብ ወደ ጸሎት የሚመልሰው ያው «መዛባት» የተባለው ነው።

ታዲያ መለኪያው ሐሰት ነውን? አይደለም። ቦታውን ያጣ ብቻ ነው። መልእክት የሚልክ ሰውና መልእክት የሚያደርስ ሰው ሕጋቸው ይለያያል። ላኪው እንደ ወደደ ይናገራል፤ መልእክተኛው ግን አንዲት ቃል መጨመርም ሆነ መቀነስ አይፈቀድለትም። በገና ላኪ ነው፤ ራዲዮና ቴፕ መልእክተኞች ናቸው። መለኪያ መልእክተኛውን እንጂ ላኪውን ሊዳኝ አልተሾመም። ይህን ልዩነት የያዘ ሰው ከክርክሩ ግማሹን ጨርሷል።

የቀረውን ግማሽ ቤቱ ራሱ ይጨምርበታል። በ1895 ዋላስ ሴባይን የተባለ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ወጣት መምህር፣ ንግግር የማይሰማበትን አንድ የትምህርት አዳራሽ እንዲያስተካክል ታዘዘ። በአዳራሹ አንድ ድምፅ ሳይጠፋ አምስት ሴኮንድ ተኩል ያህል ያስተጋባ ነበር። ሴባይን ጩኸት በማይኖርበት በሌሊት እየገባ፣ ከሌላ አዳራሽ ትራስ እያስመጣ እየደረደረ፣ የድምፁን ዕድሜ ለካ። መሣሪያዎቹም አንድ የኦርጋን ዋሽንት፣ አንድ የጊዜ መለኪያና የገዛ ጆሮው ነበሩ። ዛሬ አዳራሽ ሠሪ ሁሉ የሚጠቀምበት ሕግ የተገኘው ጆሮና መለኪያ እንዲህ ሳይጣሉ አብረው በሠሩበት ሌሊት ነው።

ይህንን በከተማው እርድ ቤት ስም ወደሚጠራው ወደ ቄራ ሰፈር አምጥተን እንየው። የቀድሞው የጭቃ ቤት ግድግዳው ሻካራ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ ሲሆን ድምፅን በልኩ ይውጣል። ዛሬ በቦታው የሚሠራው የብሎኬት ቤት ግን በልስን ግድግዳ፣ በሴራሚክ ወለልና በሰፊ መስታወት ድምፁን መልሶ ይወረውረዋል። ቤተ ሰቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር ያው መሣሪያ «ተበላሸ» ይባላል፤ የጐደለው ግን ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ነው። ከዚህም ሌላ የመንገዱ መኪናና ለበዓል የሚነዳው ከብትና በግ ጩኸት አለ። ከውጭ የሚገባው ጫጫታ 50 ዴሲቤል ቢሆንና ሙዚቃው ከፍ ሲል 85 ቢደርስ፣ ለሙዚቃው የቀረለት ስፋት 35 ብቻ ነው። በ1982 የወጣው ሲዲ 96 ዴሲቤል የሚደርስ ስፋት አለው፤ በ1963 የወጣው ካሴት ከግማሹ ጥቂት የሚበልጥ ነው። በቍጥር ሲዲው ይበልጣል፤ በቀትር በቄራ መንገድ ዳር ግን ሁለቱም ከበቂ በላይ ናቸው። ልዩነቱ የሚገለጠው ሌሊት፣ ሰፈሩ ጸጥ ሲል ነው። ሌሊት ደግሞ ጎረቤት እንዳይታወክ ድምፁ ዝቅ ይደረጋል፤ በዚህ ጊዜ ሌላ ነገር ይመጣል። ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ከሁሉ በፊት የሚያጣው ወፍራሙን ነው። ከበሮው የጠፋው ከሸክላው አይደለም፤ ከእኛ ነው።

ጆሮ እንዲህ ከሆነ ታዲያ ዳኝነቱን እንዴት እንመነው? «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» የሚለው ተረታችን እንደሚያመለክተው፣ ዓይን በምላስ ላይ ይሠለጥናል፤ በጆሮም ላይ እንዲሁ ነው። ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ በ1994 ባቀረቡት ጥናት፣ ተመሳሳይ ድምፅ ማጉያዎችን ለተመሳሳይ አድማጮች አንድ ጊዜ በግልጥ፣ አንድ ጊዜ በመጋረጃ ጀርባ አሰሟቸው። አድማጮቹ መሣሪያውን ሲያዩ ለትልቁና ለውዱ አደሉ፤ ሳያዩ ሲሰሙ ፍርዳቸው ተለወጠ። ቱል ከዚያ ቀደም በ1980ዎቹ በካናዳ የአገር ምርምር ተቋም ሲሠራ፣ ዓይናቸው ሲከለል የአድማጮች ምርጫ እርስ በርሱ እንደሚቀራረብ አስረድቶ ነበር። ኦሊቭም በ2004 ሰባ ድምፅ ማጉያዎችን መርምሮ፣ በሚገባ የተወሰደ መለኪያና በመጋረጃ የተሰጠ የጆሮ ፍርድ እስከ 0.86 እንደሚስማሙ አሳየ፤ ፍጹም ስምምነት 1 ነውና ይህ ታላቅ መስማማት ነው። እንግዲህ የክርክሩ ፍጻሜ ይህ ነው፤ ዓይኑ የተከለለ ጆሮና ሙሉ የሆነ መለኪያ ጠላቶች አይደሉም። የሚጣሉት ዋጋና ጌጥ ያየ ጆሮ ከጐደለ ቍጥር ጋር ሲገናኙ ነው።

ክቡራን አንባቢያን፤ ይህ ታሪክ ለቤታችን የሚሰጠው ምክር አጭር ነው። መሣሪያ ስትገዙ በቃል የምታውቁትን ዜማ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁለቱን መሣሪያዎች በእኩል ከፍታ አስጩኹ፤ የበለጠ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ስሙ፤ ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ ይቀያይር። ከዚያ በኋላ ዋጋውን ጠይቁ።

ለአገር የሚሰጠው ምክር ግን ከዚህ ይከብዳል። በ1969 አምሃ እሸቴ የመሠረተው አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎች አሳተመ። ከ1970ዎቹ ማለቂያ ጀምሮ ሸክላው ቀርቶ ካሴት ተተካ፤ ካሴትም ከካሴት በተገለበጠ ቍጥር የራሱን ሽሽታ እየጨመረ ሄደ። ዛሬ እነዚህ ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር እየተገለበጡ ናቸው፤ ሽሽታውንና ጭረቱን የሚያጸዳ ፕሮግራምም በየእጁ አለ። ፕሮግራሙ ሥራውን የሚሠራው ጫጫታ የመሰለውን ለይቶ በመቀነስ ነው። ዳሩ ግን የመሰንቆው ጭራ ፍትጊያ፣ የዋሽንቱ ነፊ እስትንፋስና የእንዚራው ነዛሪነት ሽሽታው ባለበት በዚያው ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ቍጥሩን ብቻ የሚመለከት ሠራተኛ «ጫጫታው ቀነሰ፤ ድምፁ ጠራ» ብሎ ሲደሰት፣ በገናው ክራር መስሎ ይወጣል። ጆሮውን ብቻ የሚያምን ደግሞ ፍጥነቱ የተሳሳተውን ሸክላ እንዳለ ገልብጦ የዘፋኙን ድምፅ ለዘለዓለም ያወርደዋል።

ስለዚህ የዓለም የድምፅ መዛግብት ጠባቂዎች የተስማሙበትን ደንብ መያዝ ይገባል። በመጀመሪያ ፍጥነቱ በመለኪያ ተረጋግጦ፣ ምንም ሳይጸዳና ሳይታረም፣ በ24 ቢትና ቢቻል በሴኮንድ 96,000 ጊዜ በሚወሰድ ናሙና ይገልበጥ፤ ያም ቅጂ ሳይነካ ይቀመጥ። ማጽዳት ያስፈለገ እንደ ሆነ በሌላ ቅጂ ላይ ይሁን፤ በዚያም ላይ በገናን በቅርብ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ይፍረድ። የጸዳው ቅጂ ለዘመኑ ሰሚ ደስታ ይሁን፤ ያልተነካው ግን ገና ላልተወለደ ሰሚ አደራ ነው። እርሱ ከእኛ የተሻለ መለኪያ ይኖረው ይሆናል፤ የሚለካው ድምፅ እንዳያጣ ማድረግ ግን የእኛ ፋንታ ነው።